ይድነቃቸው ተሰማ

ይድነቃቸው ተሰማ (ከመስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. እስከ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም.) ኢትዮጵያዊ የእግር ኳስ ተጫዋች፣ አሰልጣኝና የስፖርት መሪ ነበሩ። በቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ 23 ዓመት ተጫውተዋል። ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ባገኘችበት በ1954 ዓ.ም. የብሔራዊ ቡድኑ አሰልጣኝ ነበሩ። ከአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) መሥራቾች አንዱ ሲሆኑ፣ ድርጅቱን ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስኪሞቱ ድረስ በፕሬዚዳንትነት መርተውታል። የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ አባልም ነበሩ።

በአገራችን ስለ ስፖርታዊ ጨዋነት ሲነሣ ስማቸው አብሮ ይነሣል። ብዙ ጊዜ ጨዋነት ሲባል ዳኛን አለመሳደብ፣ ተጋጣሚን አለመማታት፣ ሲሸነፉ መጨባበጥ ብቻ ይመስለናል። ይድነቃቸው ግን ጥያቄውን ከሜዳው አጥር ውጭም ወስደውታል። አንድ ተጫዋች በቆዳ ቀለሙ ምክንያት ወደ ሜዳው እንዳይገባ ከተደረገ፣ ሜዳው ውስጥ የሚከበረው ደንብ ምን ዋጋ አለው የሚለው ጉዳይ የሕይወታቸውን ትልቁን ክፍል ይዟል።

ልደትና ቤተሰብ

ይድነቃቸው የተወለዱት በጅማ ሲሆን የተወለዱበት ቀን ከዘመን መለወጫ ዕለት ጋር ይገጥማል። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በግጥምና በዜማ ችሎታቸው የታወቁ ሰው ነበሩ። ነጋድራስ ተሰማ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ስለ አውቶሞቢል ሥራ እንዲማሩ ወደ ጀርመን ተልከው ነበር። እዚያ ሳሉ በሸክላ ያስቀረጿቸው የአማርኛ ዜማዎች ከኢትዮጵያ ሙዚቃ ቅጂዎች ሁሉ ቀዳሚ ተደርገው ይቆጠራሉ። ስለዚህ በአንድ ቤት ውስጥ አባት በሙዚቃ፣ ልጅ በእግር ኳስ በአገሪቱ ታሪክ የመጀመሪያ ከሚባሉት ውስጥ ገብተዋል ማለት ነው።

ይድነቃቸው ትምህርታቸውን የተከታተሉት አዲስ አበባ በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ነው። በዚያን ጊዜ እግር ኳስ በከተማዋ ገና እንግዳ ነገር ነበር። የሚጫወቱት በአብዛኛው የውጭ አገር ዜጎች፣ ማለትም አርመኖች፣ ግሪኮች፣ ጣሊያኖችና ሕንዶች ሲሆኑ፣ ከኢትዮጵያውያን መካከል ጨዋታውን የለመዱት የዘመናዊ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች ነበሩ።

ቅዱስ ጊዮርጊስና የጣሊያን ዘመን

የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ የተመሠረተው በታኅሣሥ ወር 1928 ዓ.ም. በአራዳ ነው። መሥራቾቹ አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ የተባሉ ወጣቶች ሲሆኑ ስሙን ያገኘው በአካባቢው ካለው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ይድነቃቸው ክለቡን የተቀላቀሉት ገና የ14 ዓመት ልጅ ሳሉ፣ በምሥረታው ጊዜ ነበር። ጣሊያን አገሪቱን መውረር ከጀመረ ሦስተኛ ወሩ ስለነበር ክለቡ ሕፃንነቱን ሳይጨርስ ጦርነት አገኘው። በሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ገባ።

ፋሽስቶች ከተማዋን በዘር ሲከፋፍሉ ስፖርቱንም ከፋፈሉት። ነጭና ጥቁር በአንድ ሜዳ እንዳይጋጠሙ ተደረገ፤ ለኢትዮጵያውያን የተለየ የስፖርት ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ፤ የክለቦች ስምም ተቀየረ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር ተባለ። ሊቶሪዮ የሚለው ቃል የፋሽስት ፓርቲ ምልክት ከሆነው የታሰረ በትርና መጥረቢያ ጋር የተያያዘ በመሆኑ፣ የአራዳ ልጆች በየሳምንቱ የወራሪውን ዓርማ በስማቸው ተሸክመው እንዲጫወቱ ተፈርዶባቸው ነበር ማለት ይቻላል።

ይድነቃቸው ከ14 ዓመታቸው እስከ 19 ዓመታቸው ያደጉት በዚህ ሥርዓት ውስጥ ነው። ከ20 ዓመት በኋላ ካርቱም ላይ፣ ከ40 ዓመት በኋላም በፊፋ ጉባዔዎች ላይ ስለ ደቡብ አፍሪካ የያዙትን አቋም ለመረዳት ይህን ማስታወስ ይጠቅማል። የተከፋፈለ ሜዳ ለእሳቸው ወሬ አልነበረም፤ ተጫውተውበታል።

ከነፃነት በኋላ

በ1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ ክለቡም ስሙን አስመለሰ። በከተማዋ የቀሩት የውጭ ማኅበረሰቦች የየራሳቸው ቡድን ነበራቸው። የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ ሲባሉ የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮንም ቡድን ነበረው። በ1936 ዓ.ም. እነዚህ አራቱና ቅዱስ ጊዮርጊስ ተሰባስበው በኢትዮጵያ የመጀመሪያውን ሻምፒዮና ተጫወቱ።

ይህን ውድድር በዛሬ ዓይን እንደ ተራ የከተማ ሊግ ማየት ስህተት ይመስለኛል። ከሦስት ዓመት በፊት ገዢና ተገዢ የነበሩ ሰዎች አሁን አሥራ አንድ ለአሥራ አንድ ሆነው፣ በአንድ ዳኛ ፊሽካ ሥር እየተጋጠሙ ነበር። የማስጠንቀቂያ ቢጫና ቀይ ካርድ በዓለም ዋንጫ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1970 ስለሆነ በዚያን ዘመን ዳኛ የነበረው መሣሪያ ፊሽካውና ቃሉ ብቻ ነው። ከፎርቲቱዶ ጋር የሚደረግ ጨዋታ ያለ ጠብ ተጀምሮ ያለ ጠብ እንዲያልቅ የተጫዋቾቹ ራስን መግዛት የግድ ያስፈልግ ነበር።

ይድነቃቸው በእነዚህ ዓመታት አጥቂ ብቻ ሆነው አልቀሩም። እ.ኤ.አ. በ1943 የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ሲመሠረት ከአቋቋሙት ሰዎች አንዱ ነበሩ። በዚህ ጊዜ ዕድሜያቸው ከ22 ዓመት አይበልጥም። ቅዳሜ ስብሰባ ላይ ደንብ የሚያወጣው ሰው እሑድ በዚያው ደንብ የሚቀጣ ተጫዋች መሆኑ ዛሬ እንግዳ ይመስላል፤ ሰው ባልነበረበት ዘመን ግን ሌላ መንገድ አልነበረም።

በክለባቸው እስከ 1950 ዓ.ም. ድረስ የተጫወቱ ሲሆን በ365 ጨዋታዎች 318 ግቦች እንዳስቆጠሩ ይነገራል። ለብሔራዊ ቡድንም 15 ጊዜ ተሰልፈዋል። ኢትዮጵያ የመጀመሪያ ዓለም አቀፍ ጨዋታዋን ያደረገችው በኅዳር ወር 1940 ዓ.ም. በዛሬዋ ጅቡቲ፣ በያኔዋ የፈረንሳይ ሶማሊላንድ ቡድን ላይ ሲሆን 5 ለ 0 አሸንፋለች። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ላይ ፌዴሬሽኑ የፊፋ አባል ሆነ።

ካርቱም፣ የካቲት 1949 ዓ.ም.

በየካቲት ወር 1949 ዓ.ም. የግብፅ፣ የሱዳን፣ የኢትዮጵያና የደቡብ አፍሪካ ተወካዮች የአፍሪካን የእግር ኳስ ድርጅት ለመመሥረትና የመጀመሪያውን የአፍሪካ ዋንጫ ለማካሄድ ካርቱም ላይ ተሰበሰቡ። አብዛኛው አፍሪካ ገና በቅኝ ግዛት ሥር ነበር። ሱዳን ራሷ ነፃ ከወጣች ገና አንድ ዓመት ከጥቂት ሳምንታት ብቻ ሆኗታል። ኢትዮጵያን ከወከሉት መካከል ይድነቃቸው ነበሩ።

ችግሩ የመጣው ከደቡብ አፍሪካ በኩል ነው። የአገሩ ተወካይ ፍሬድ ፌል በአፓርታይድ ሕግ መሠረት አገራቸው ልትልክ የምትችለው ወይ ነጮች ብቻ ያሉበትን ወይ ጥቁሮች ብቻ ያሉበትን ቡድን እንደሆነ፣ የተቀላቀለ ቡድን ግን እንደማይቻል አስታወቁ። ሌሎቹ ሦስት አገሮች ይህን አልተቀበሉም። ደቡብ አፍሪካ ከውድድሩ ወጣች፤ በቀጣዮቹ ዓመታትም ከካፍ ጨርሶ ተወገደች።

ውሳኔው ቀላል አልነበረም። አዲስ የተወለደ ድርጅት አራት አባላት ብቻ ኖረውት አንዱን ማጣት ማለት ሩቡን ማጣት ነው። ውድድሩም በሦስት ቡድኖች ብቻ ተካሄደ። የኢትዮጵያ ተጋጣሚ ደቡብ አፍሪካ ስለነበረች ቡድናችን ሳይጫወት ለፍጻሜ አለፈ፤ በፍጻሜውም በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈ። አራቱንም ግቦች ያስቆጠረው አድ-ዲባ የተባለው ግብፃዊ ነው። ሁለት ጨዋታ ብቻ የተደረገበት የአፍሪካ ዋንጫ ነበር ብሎ ማፌዝ ይቻላል። ነገር ግን ካፍ በዘር የተከፋፈለ ቡድን አልቀበልም ያለው ፊፋም ሆነ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ተመሳሳይ እርምጃ ከመውሰዳቸው በፊት ነው።

የ1954ቱ ዋንጫ

ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በጥር ወር 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲዘጋጅ የኢትዮጵያ አሰልጣኝ ይድነቃቸው ነበሩ። ተሳታፊዎቹ አራት ሲሆኑ፣ ከአስተናጋጇ ሌላ የተባበረችው ዐረብ ሪፐብሊክ (ግብፅ)፣ ቱኒዚያና ዩጋንዳ ነበሩ። ኢትዮጵያ በመጀመሪያው ጨዋታ ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸነፈች።

ጥር 13 ቀን የተደረገው ፍጻሜ በኢትዮጵያ እግር ኳስ ታሪክ ከሁሉ የሚበልጠው ጨዋታ ነው። ግብፆች በ35ኛው ደቂቃ በባዳዊ ግብ መሪ ሆኑ። በ74ኛው ደቂቃ ግርማ ተክሌ አቻ አደረገ፤ ደስታው ሳይበርድ በ75ኛው ደቂቃ ባዳዊ እንደገና አስቆጠረ። መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ 2 ለ 2 አደረገው። በጭማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ ቫሳሎና የቅዱስ ጊዮርጊሱ መንግሥቱ ወርቁ አንድ አንድ ግብ ጨምረው ጨዋታው 4 ለ 2 አለቀ። ዋንጫውን ለአምበሉ የሰጡት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው።

ሉቺያኖና ኢታሎ አስመራ ላይ ከጣሊያናዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት የተወለዱ ናቸው። ነጭና ጥቁር በአንድ ሜዳ እንዳይጫወቱ ተደርጎ በነበረባት ከተማ፣ ከ21 ዓመት በኋላ የጣሊያናዊ ልጅ የኢትዮጵያ አምበል ሆኖ ዋንጫ ተቀበለ፤ አሰልጣኙም ያንን ዘመን በሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር ቡድን ያሳለፈው ሰው ነበር። ኢትዮጵያ ከዚያ ወዲህ ዋንጫውን አላገኘችም።

የእንግሊዙ የዓለም ዋንጫና አፍሪካ

እ.ኤ.አ. በ1966 በእንግሊዝ ለሚደረገው የዓለም ዋንጫ 16 ቦታ ነበር። አሥሩ ለአውሮፓ፣ አራቱ ለደቡብ አሜሪካ፣ አንዱ ለሰሜንና መካከለኛው አሜሪካ ተሰጠ። የቀረችውን አንዲት ቦታ አፍሪካና እስያ እንዲካፈሏት ተወሰነ። የአፍሪካ ማጣሪያ አሸናፊ ዓለም ዋንጫ ለመግባት ከእስያው አሸናፊ ጋር ደግሞ መጋጠም ነበረበት። በ1949 ዓ.ም. በአራት አገሮች የተመሠረተው ካፍ በዚህ ጊዜ በርካታ አዲስ ነፃ የወጡ አገሮችን አቅፎ ነበር።

ተቃውሞውን ከመሩት ሰዎች ሁለቱ ጎልተው ይታወቃሉ፤ እነሱም የጋናው የስፖርት ኃላፊ ኦሄኔ ጃንና በወቅቱ የካፍ ምክትል ፕሬዚዳንት የነበሩት ይድነቃቸው ናቸው። የጋናው ፕሬዚዳንት ክዋሜ ንክሩማም ከኋላ ነበሩ። ቅሬታው ሁለት ነበር። አንደኛው የቦታው ጉዳይ ነው። ሁለተኛው የደቡብ አፍሪካ ጉዳይ ሲሆን፣ ፊፋ በ1961 እ.ኤ.አ. ያገዳትን አገር በ1963 መልሶ ተቀብሏት፣ ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያም አፍሪካውያን እንዳይገጥሟት በእስያ በኩል መድቧት ነበር። ፊፋ ደቡብ አፍሪካን በ1964 ቶኪዮ ላይ በተደረገው ጉባዔ ዳግመኛ ቢያግድም የቦታውን ውሳኔ አልቀየረም። በዚህ ምክንያት የአፍሪካ ቡድኖች ከማጣሪያው ራሳቸውን አገለሉ፤ ፊፋም ገንዘብ ቀጣቸው።

የክርክሩ ሌላኛው ወገን የነበሩት የፊፋው ፕሬዚዳንት እንግሊዛዊው ሰር ስታንሊ ራውስ ነበሩ። ራውስ ተራ ቢሮክራት አልነበሩም። የቀድሞ ዓለም አቀፍ ዳኛ ሲሆኑ እ.ኤ.አ. በ1938 የእግር ኳስን ሕግጋት እንደገና አስተካክለው የጻፉት እሳቸው ናቸው። ስፖርትን ከፖለቲካ መለየት ይገባል የሚለውን ሐሳብ ከልባቸው ያምኑበት ነበር፤ ደቡብ አፍሪካ በፊፋ ውስጥ እንድትቆይ የሟገቱትም በዚሁ ምክንያት ነው። ይድነቃቸውም ለደንብ ሟች ነበሩ። ልዩነታቸው ደንቡ ከየት ይጀምራል የሚለው ላይ ነው። ለራውስ ደንቡ የሚጀምረው ፊሽካ ሲነፋ ነው። ለይድነቃቸው ደግሞ ማን ይሰለፋል የሚለው ጥያቄ ራሱ የደንቡ የመጀመሪያ አንቀጽ ነበር።

አፍሪካ በሌለችበት በዚያ የዓለም ዋንጫ ሰሜን ኮሪያ በአንዲቱ ቦታ ገብታ ጣሊያንን 1 ለ 0 በማሸነፍ እስከ ሩብ ፍጻሜ ደረሰች። የአፍሪካ ጥያቄም ሰሚ አገኘ። ፊፋ ለአህጉሩ አንድ የራሱ ቦታ ሰጠ፤ እ.ኤ.አ. በ1970 ሞሮኮ በዚህ ቦታ ሜክሲኮ ላይ ተሳተፈች። ይድነቃቸው ራሳቸው ከ1966 ጀምሮ በፊፋ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ ውስጥ ነበሩ።

የካፍ ፕሬዚዳንት

ይድነቃቸው በ1964 ዓ.ም. ሱዳናዊውን ዶክተር አብደል ሐሊም መሐመድን ተክተው አራተኛው የካፍ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ከአንድ ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1971፣ የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ አባል ሆነው ነበር። ቀደም ሲልም እ.ኤ.አ. በ1966 ባማኮ ላይ የተቋቋመውን የአፍሪካ ከፍተኛ የስፖርት ምክር ቤት ከመሠረቱት ሰዎች መካከል ናቸው።

በፕሬዚዳንትነት የቆዩባቸው 15 ዓመታት በአገራቸው ከባድ ዓመታት ነበሩ። ሲመረጡ ንጉሠ ነገሥቱ በዙፋን ላይ ነበሩ፤ ሲሞቱ የሚገዛው ደርግ ነበር። የሁለት ተቃራኒ ሥርዓቶች ዜጋ ሆነው በዓለም መድረክ ላይ አንድ አቋም ይዘው መዝለቃቸው ራሱን የቻለ ጥናት የሚገባው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1974 ፍራንክፈርት ላይ በተደረገው የፊፋ ምርጫ ብራዚላዊው ዦአዎ ሃቬላንጅ ስታንሊ ራውስን አሸነፉ። ሃቬላንጅ ለአፍሪካ ተጨማሪ የዓለም ዋንጫ ቦታ እንደሚሰጡና ደቡብ አፍሪካ ወደ ፊፋ እንዳትመለስ እንደሚያደርጉ ቃል ገብተው ስለነበር የአፍሪካ ድምፅ ለእሳቸው ከባድ ክብደት ነበረው። ከሁለት ዓመት በኋላ ሞንትሪያል ላይ በተደረገው ጉባዔ ደቡብ አፍሪካ ከፊፋ ተባረረች። እ.ኤ.አ. በ1982 ዓለም ዋንጫው ወደ 24 ቡድን ሲያድግ የአፍሪካ ድርሻ ሁለት ሆነ።

ሞንትሪያልን ስናነሣ የአቋም ዋጋ በማን ላይ እንደሚወድቅ መርሳት አይገባም። በዚያው በጋ በዚያው ከተማ በተደረገው ኦሊምፒክ ላይ በርካታ የአፍሪካ አገሮች አልተሳተፉም። ምክንያቱ የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ወደ ደቡብ አፍሪካ መሄዱ ሲሆን፣ ራግቢ የኦሊምፒክ ስፖርት ስላልነበረ የኦሊምፒክ ኮሚቴው ኒውዚላንድን ለማገድ አልፈለገም። ኢትዮጵያም ቡድኗን አስቀረች፤ ምሩፅ ይፍጠር በብቃቱ ጫፍ ላይ እያለ አራት ዓመት ሊጠብቅ ተገደደ። እሱ በ1980 ሞስኮ ላይ ሁለት ወርቅ አግኝቶ ተካሰ። ከአፍሪካ አትሌቶች መካከል ሁለተኛ ዕድል ያላገኙ ብዙዎች ናቸው።

በእነዚሁ ዓመታት የካፍ ውድድሮች በቁጥር በዙ። በ1964 እ.ኤ.አ. ከተጀመረው የሻምፒዮን ክለቦች ዋንጫ ሌላ በ1975 የዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫ፣ በ1979 የወጣቶች ሻምፒዮና ተጨመሩ። በ1968 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ ወደ ኢትዮጵያ ተመልሶ ሞሮኮ አሸናፊ ሆናለች። ጋና በ1978 እ.ኤ.አ. ለሦስተኛ ጊዜ አሸንፋ የመጀመሪያውን ዋንጫ ለሁልጊዜው ስለወሰደች በምትኩ የአፍሪካ አንድነት ዋንጫ የተባለው አዲስ ዋንጫ መሰጠት ጀመረ።

በዓለም ዋንጫ ስለ ጨዋነት ብዙ ያነጋገረው ክስተት የደረሰውም በእሳቸው ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ስፔን ላይ አልጄሪያ ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 1 አሸነፈች። የምድቡን የመጨረሻ ጨዋታዋን ከጎረቤቶቿ ቀድማ ስለጨረሰች ግን ዕጣዋ በማግስቱ ሂሆን ከተማ ላይ በሚደረገው የምዕራብ ጀርመንና የኦስትሪያ ግጥሚያ ተንጠለጠለ። ጀርመን በአንድ ወይም በሁለት ግብ ልዩነት ብታሸንፍ ሁለቱም አውሮፓውያን ያልፋሉ። ጀርመኖቹ በ10ኛው ደቂቃ አገቡ፤ ቀሪውን ሰዓት ሁለቱ ቡድኖች ኳሷን ወዲያና ወዲህ እየተቀባበሉ ጨረሱት። የአልጄሪያ አቤቱታ ውድቅ ሆነ፤ የተጣሰ የተጻፈ ሕግ አልነበረምና። ሆኖም ከሚቀጥለው ዓለም ዋንጫ ጀምሮ በእያንዳንዱ ምድብ የመጨረሻዎቹ ሁለት ጨዋታዎች በአንድ ሰዓት እንዲደረጉ ተወሰነ። ዛሬ በቴሌቪዥን ሁለት ጨዋታ በአንድ ጊዜ እየተመለከትን ሪሞት የምንቀማማው በዚህ ምክንያት ነው። በዚያው በ1986ቱ ውድድር ሞሮኮ ምድቧን በአንደኝነት አጠናቅቃ ከአፍሪካ የመጀመሪያዋ ሁለተኛ ዙር የገባች አገር ሆናለች።

የተጫዋቾች ፍልሰትና ማስታወቂያ

ይድነቃቸው እስከ መጨረሻ የታገሉለት ሌላው ጉዳይ የአፍሪካ ተጫዋቾች ወደ አውሮፓ መፍለስ ነው። አህጉሩ ምርጥ ልጆቹን እንደ ቡናና እንደ ማዕድን ያልተፈለፈለ ጥሬ ዕቃ አድርጎ የሚልክ ከሆነ የራሱ ሊግ መቼም አያድግም የሚል አቋም ነበራቸው። ካፍ እ.ኤ.አ. በ1965 ያወጣው ደንብ አንድ ብሔራዊ ቡድን ለአፍሪካ ዋንጫ በውጭ አገር ከሚጫወቱ ልጆቹ ሁለት ብቻ እንዲያሰልፍ ይፈቅድ ነበር። ደንቡ እስከ 1982 ድረስ ጸንቷል።

በዚህ ነጥብ ላይ ይድነቃቸውን የሚተቹ ሰዎች ቀላል መከራከሪያ የላቸውም። እንደ ማሊው ሳሊፍ ኬይታ ያለ ወጣት በ1967 ወደ ፈረንሳይ ሲሄድ ያገኘውን የባለሙያነት ሕይወት የአፍሪካ ክለብ ሊሰጠው አይችልም ነበር። ለአገሩ መጫወት የሚፈልግ ሰው የሚኖርበት ቦታ ተቆጥሮ ሲከለከል፣ ሁሉም በእኩል ይሰለፍ ከሚለው ከራሳቸው ከይድነቃቸው መርህ ጋር ይጋጫል ማለትም ይቻላል። በሌላ በኩል ዛሬ የአፍሪካ ሊጎች ስታዲየም ባዶ ሆኖ ተመልካቹ የእንግሊዝን ፕሪምየር ሊግ ለማየት ዲኤስቲቪ ቤት ሲሰለፍ ሲታይ፣ ፍርሃታቸው መሠረት እንደነበረው አይካድም። ደንቡ ተሽሯል፤ ክርክሩ ግን አልተዘጋም።

የአልኮልና የሲጋራ አምራቾች የአፍሪካን ውድድሮች ስፖንሰር እንዲያደርጉም አይፈልጉም ነበር። ገንዘብ በሚያስፈልገው ድርጅት ውስጥ ይህ ውድ አቋም ነው። ከዚያ በኋላ በኢትዮጵያ የሆነውን ስናይ ነገሩ ትንሽ ያስፈግጋል፤ ከእሳቸው ሕልፈት በኋላ ቢራ የአገራችን እግር ኳስ ዋና ስፖንሰር ሆኗልና። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን በሬዲዮና በቴሌቪዥን ሲከለክል ክለቦች የገቢያቸው ጉዳይ አሳስቧቸው ነበር።

ሕልፈትና መታሰቢያ

ይድነቃቸው ተሰማ በካንሰር ሕመም ምክንያት በተወለዱ በ65 ዓመታቸው፣ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አረፉ። ዕለቱ የቡሄ ዕለት ነበር። የካፍን ፕሬዚዳንትነት ለጊዜው ዶክተር አብደል ሐሊም መሐመድ መልሰው ያዙት፤ በ1988 እ.ኤ.አ. ካሜሩናዊው ኢሳ ሃያቱ ተመርጠው እስከ 2017 ቆዩ።

የ1954ቱ ፍጻሜ የተካሄደበት የአዲስ አበባ ስታዲየም በይድነቃቸው ተሰማ ስምም ይጠራል፤ ብዙው የከተማ ሰው ግን ስታዲየም ብቻ ብሎ ያልፈዋል። ከስታዲየሙ ወደ ደቡብ፣ በነፋስ ስልክና በሳሪስ በኩል ባሉ ሰፈሮች፣ እንዲሁም በሌላው የአዲስ አበባ ክፍል በክረምት ትምህርት ሲዘጋ የታዳጊዎች ውድድር ይደረጋል። ሲጠናቀቅም ከአሸናፊው ዋንጫ ጎን የፀባይ ዋንጫ የሚባል ሽልማት ይሰጣል። ብዙ ካርድ ያላየ፣ ከዳኛ ጋር ያልተጣላ፣ ደጋፊው ያልረበሸ ቡድን ይወስደዋል። ልጆቹ ዋንጫውን የመጽናኛ ሽልማት አድርገው ሊቆጥሩት ይችላሉ፤ አሰልጣኞች ግን በቁም ነገር ያዩታል፤ የፀባይ ዋንጫ ያገኘ ቡድን ለሚቀጥለው ዓመት ሜዳ ሲለምን ፊት አይነሣም።

ደቡብ አፍሪካ አፓርታይድ መፍረስ ከጀመረ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1992 ወደ ፊፋ ተመለሰች፤ በሐምሌ ወርም ነጭና ጥቁር በተቀላቀሉበት ቡድን ካሜሩንን 1 ለ 0 አሸነፈች። በ1996 የአፍሪካን ዋንጫ አስተናግዳ ቱኒዚያን በፍጻሜው 2 ለ 0 ረትታ ዋንጫውን ወሰደች። በሽልማቱ ሥነ ሥርዓት ላይ ኔልሰን ማንዴላ የቡድኑን መለያ ለብሰው የተገኙ ሲሆን አምበሉ ኒል ቶቪ ነጭ ነበር።